ምን ልትቀዳ ነው?

ኩልፎ ዳር አንድ ወጣት ስልኩን እንደ ጧፍ ወደ ውኃው ዘርግቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ሌሊቱን ደጋው ላይ ሲጥል ያደረው ዝናብ ወንዙን ሻይ በወተት አስመስሎታል። ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ ያልፋል፤ ታች አንዲት ሴት አንሶላ ከድንጋይ ጋር ታጋጫለች። ቢጫ ጀሪካን ያንጠለጠለች ልጅ አጠገቡ ስትደርስ ቆም አለችና ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ወንድሜ፣ ምን ልትቀዳ ነው?»

«ድምፅ።»

«የምን ድምፅ?»

«የኩልፎን።»

ልጅቱ መጀመሪያ ወንዙን፣ ቀጥላ እሱን፣ በመጨረሻ ጀሪካኗን አየች። «እሱማ ሁሌም አለ» አለችና ወርዳ ቀዳች። እሷ ሃያ ሊትር ይዛ ሄደች። እሱ አራት ደቂቃ ከምናምን ይዞ ሄደ።

ወጣቱ የሰፈራችን ባንድ ጊታሪስት ነው። የባንዱን ስም አልጠራም። አንደኛ ሰርግ ላሳጣቸው አልፈልግም፤ ሁለተኛ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስቴ ስለለወጡት የትኛውን እንደምጠራ ይቸግረኛል።

ሲጀምሩ ሮከሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ጃኖ ባንድ ቢል ላስዌል የተባለውን አሜሪካዊ ፕሮዲውሰር ይዞ «ኤርታሌ»ን ካወጣ ወዲህ ጊታር የነካ ልጅ ሁሉ ፀጉሩን ማሳደጉ ይታወሳል። የኛዎቹ ዘግይተው ቢደርሱም ፀጉሩ ላይ ጥቁር የቆዳ ጃኬት ጨመሩበት። አርባ ምንጭ ውስጥ! ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ በእግሩ የወጣ ሰው በስስ ሸሚዝ እንኳ ጥምቀተ ባሕር ውስጥ የቆየ መስሎ በሚደርስበት ከተማ። ቤዝ ጊታሪስቱ አንድ ቅዳሜ መድረክ ላይ ተዝለፍልፎ ሲወድቅ ታዳሚው የዘፈኑ አካል መስሎት አጨበጨበ። ያም ሆኖ ያኔ ቢያንስ ዘፈኑ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ይታወቅ ነበር። ድራመሩ ነበር የሚያስታውቀው። ሦስቴ ዱላውን ሲያጋጭ ተጀመረ፣ ሳህኑን ሲጠርቀው አለቀ።

ድራመሩ ባለፈው ክረምት ሐዋሳ ሥራ አገኘና ሄደ። ድራሙ የገዛ ንብረቱ ስለነበር እሱንም ጭኖት ሄደ። ልጆቹ ሁለት ሳምንት ለቅሶ የተቀመጡ ያህል ጠፉ። በሦስተኛው ሳምንት ብቅ ሲሉ፣

«ሳውንዳችንን ቀይረናል» አሉ።

«ወደ ምን?»

«ወደ አትሞስፌሪክ።»

ጊታሪስቱ ሊያስረዳኝ ሞከረ። ድባብ ማለት ነው አለኝ። ምት አስገዳጅ ነው፣ ሰውን በግድ ትከሻውን ያስነቀንቀዋል፤ እኛ ደግሞ ማንንም ማስገደድ አንፈልግም አለ። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» እንዲሉ፣ ከበሮውን የሚይዝላቸው ሰው መሄዱን ለመናገር ይህን ሁሉ ፍልስፍና መዞር ነበረባቸው። አልፈርድባቸውም። እኔም መኪናዬን የሸጥኩ ሰሞን ለጤና በእግር መሄድ ስላለው ጥቅም ብዙ ተናግሬያለሁ።

ለውጡ ርካሽ አልነበረም። የቆዳ ጃኬቱ ተሸጠና በምትኩ የዶርዜ ጋቢ ተገዛ። ድምፃዊው ፊቱን ወደ ሕዝብ ማዞር ተወ። ኪቦርዲስቱ በበኩሉ «ፓድ» የሚባል ድምፅ አገኘ፤ ሦስት ጣት አስቀምጠው ቢተኙበት እንደ ጭስ እየተጎተተ የሚቀጥል ድምፅ ነው። ሦስቱን ጣቱን ቁልፎቹ ላይ ያሳርፍና በሌላው እጁ ስልኩን ይጎረጉራል። አንድ ማታ ልብ ብዬ አየሁት፤ ጣቱን ሳያነሣ ሁለት ሰው ደውሎለት አዋርቷል።

የአዲሱ ሳውንድ ምርቃት ሴቻ ውስጥ ሐይቆቹን ከላይ ቁልቁል በሚያይ ሆቴል ነበር። ቦታው ግሩም ነው። በግራ ዓባያ ቀይ አፈር ጠጥቶ ተኝቷል፣ በቀኝ ጫሞ ሰማያዊውን ለብሷል፣ በመካከል የእግዜር ድልድይ። ዓሣ ጥብስ ቀርቧል። ልጆቹ ጀመሩ። መጀመራቸውን ያወቅነው የመድረኩ መብራት ስለደበዘዘ ነው። አንድ ድምፅ ወጣ፤ ቆየ። ሌላ ድምፅ መጣና አብሮት ቆየ። ከውስጡ የኩልፎ ወንዝ ተሰማ፣ ቀጥሎ ባጃጅ፣ ቀጥሎ የሚወቀጥ አንሶላ። ድምፃዊው የሆነ ነገር አለ፤ ኤኮው በልቶበት አማርኛ ይሁን ጋሞኛ አልለየንም። ከዚያ ከጭሱ ሁሉ መካከል ጥርት ብላ አንዲት የሴት ልጅ ድምፅ ወጣች።

«ወንድሜ፣ ምን ልትቀዳ ነው?»

በዚያ ምሽት ከተዘፈነው ሁሉ ቃሉ የተለየልኝ ይህ ብቻ ነው።

ሃያ ደቂቃ ያህል እንደተሄደ የሆቴሉ ባለቤት በጎን በኩል መጥቶ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለና «ሳውንድ ቼኩ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለኝ። እኔ ምን ብዬ ልመልስ? ከፊቴ ያለው ጠረጴዛ ላይ አራት ወጣቶች ዐይናቸውን ጨፍነው ጭንቅላታቸውን ቀስ ብለው ይነቀንቃሉ። ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ እነሱን አይቶ ይነቀንቃል። የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው ጭራሽ እንባ ያቀረረ መሰለኝ፤ በኋላ ሳጣራ የዓሣው ማባያ ዳታ አቃጥሎት ነው። እኔም ነቀነቅኩ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ «እንዴት አየኸው?» ሲለኝ አፌ ቀደመኝና «ጥልቅ ነው» አልኩ። ምኑ ላይ እንደሚጠልቅ ቢጠይቀኝ እዚያው ሰምጬ እቀር ነበር። ደግነቱ እሱም «በጣም!» ብሎ አዳነኝ።

ያልነቀነቁት አንድ ጡረተኛ መምህር ብቻ ናቸው። ቢራቸውን ጨርሰው ሲነሡ «በገና ነው እኮ፤ ጾሙን ረስተውት ነው እንጂ» አሉ። ነገሩን ስመረምረው እውነት አላቸው። በገና አሥር አውታር አለው፤ ያ ደረት ውስጥ የሚገባ እዝዝታው የሚመጣው ከእያንዳንዱ አውታር ሥር ከምትሸጎጠው የቆዳ ቁራጭ ነው። በዐቢይ ጾም ሲደረደር ሰው ዐይኑን ይጨፍናል፣ ዝም ይላል፣ ይቆዝማል። ድባብ ከተባለ ከዚያ ወዲያ ድባብ የለም። ግን በገና ደርዳሪው ቃሉን አይውጠውም። ሞት አለ ይላል፣ ንስሐ ግባ ይላል፤ እያንዳንዷ ቃል ትሰማለች።

ጊታሪስቱን በማግስቱ አገኘሁትና እንደምንም ይህን አነሣሁበት። ማስረጃ አላጣም። ሬዲዮሄድ የሚባሉ እንግሊዞች በጊታር ዓለምን ካዳረሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 «ኪድ ኤ» በሚባለው አልበማቸው ጊታሩን ወደ ጓዳ አስገብተው ኤሌክትሮኒክስ ውስጥ ገቡ አለኝ፤ ደጋፊያቸው መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ በኋላ ሰገደ። ልክ ነው። ጊታር ለመደበቅ ግን መጀመሪያ ጊታሩ መታወቅ አለበት። እነሱ ከዚያ ሦስት ዓመት በፊት «ኦኬ ኮምፒዩተር»ን ሠርተው ነበር። የኛዎቹ ከሦስት ዓመት በፊት የሠሩት ሰው ሰርግ ላይ ሌሎች ያቀነቀኑትን ዘፈን ነው።

ስለ ነጭ ሳሯ ወፍም ነገረኝ፤ ይችኛዋ እንኳ ከደጃችን ናት። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች ነጭ ሳር ሜዳ ላይ መንገድ ዳር ሞታ ካገኟት ወፍ አንድ ክንፍ ይዘው ሄዱ። ክንፉን ከሚታወቁት ወፎች ጋር ቢያስተያዩት ከማንም ጋር አልገጥም አለ፤ በ1995 ራሷን የቻለች ዝርያ ተብላ ተመዘገበች። በሳይንስ ስሟ ላይ «ሶላላ» ብለው ጨመሩላት፣ ብቸኛ ክንፍ እንደማለት። ጊታሪስቱ ይህን ሲያወራ ዐይኑ ይበራል። «እኛም እንደዛ ነን፤ አንድ ክንፍ እንሰጣለን፣ ወፏን አድማጩ ራሱ ይሠራታል» ይላል። ላባ ያለው ክንፍ እኮ ነው ያገኙት፣ ልለው ነበር። ፊቱን አይቼ ተውኩት።

እሱ ካነሣቸው ይልቅ እኔን የሚገርሙኝ ሌሎች ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ብራያን ኢኖ ነው፤ የዚህ የድባብ ሙዚቃ አባት ከሚባሉት። እ.ኤ.አ. በ1975 መኪና ገጭቶት ቤቱ ተኝቶ ሳለ ልትጠይቀው የመጣች ወዳጁ የሃርፕ ሙዚቃ ሸክላ አምጥታለት ሄደች። እንደምንም ተነሥቶ ሸክላውን አስቀመጠና ተመልሶ ጋደም አለ። ድምፁ በጣም ዝቅ ብሏል፣ ካንዱ ወገን ስፒከሩ አይሠራም፣ ውጭ ዝናብ ይጥላል፤ ተነሥቶ ለማስተካከል አቅም የለውም። እንዲያ ሆኖ ሲያዳምጥ ሙዚቃው የዝናቡና የክፍሉ አንድ አካል ሆኖ ተሰማው። ከሦስት ዓመት በኋላ ለአውሮፕላን ማረፊያ የሚሆን ሙዚቃ ብሎ አንድ አልበም አወጣ። ይህን ሳነብ የተቆጨሁት ቁጭት! አንዱ ስፒከር ሞቶ ዝናብ የሚደበድበው ድንኳን ውስጥ ስንት ሰርግ በላን፤ አዲስ የሙዚቃ ዘርፍ መሆኑን ማን ነገረን?

ሌላው የኛው ሰው ኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት ነበር። ዋልያስ ማለት በሰዓት እላፊው ዘመን አዲስ አበባ ሒልተን ውስጥ፣ መውጣት የማይችለውን ታዳሚ እስኪነጋ ያስጨፈረ ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው»ን አወጡ፣ በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሄዱ። ገሚሶቹ ተመለሱ፣ ገሚሶቹ ቀሩ፤ ኃይሉ ከቀሩት ነው። በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገባ። ድሮ የተማረውን አኮርዲዮን አነሣና ከሥሩ ኪቦርዱን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩንና የድራም ማሽኑን ራሱ እየደራረበ አንድ ካሴት ሠራ። ባንድ የለም፣ ሒልተን የለም፣ ያለው አንድ ሰውና ማሽን ነው፤ ሲሰሙት ግን ሌሊት ብቻውን ባዶ አዳራሽ የሚጠርግ ሰው የሚያንጎራጉር ይመስላል፣ ዜማውም አንድ ጊዜ ከሰሙት አይለቅም። ከዚያ ኃይሉ ለዓመታት ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ያን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር አግኝቶት በ2013 እንደገና ሲያሳትመው ሰውየው ከታክሲው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ኢኖ ለአውሮፕላን ማረፊያ ሙዚቃ ሠራ፣ ኃይሉ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ጣቱ እንዳይዝግ ሠራ።

ይህን ለጊታሪስቱ ስነግረው በደስታ ዘለለ። «አየህ! እሱም ድራመር አልነበረውም!»

ጥር መጣ፤ ሰርግ መጣ። ሙሽራዋ የሰፈራችን ልጅ ናት፣ አጎቶቿ ከዶርዜና ከጨንቻ ወርደዋል። ጨንቻ ብርድና ጉም ስለሆነ አጎቶቹ በየጋቢያቸው ነው የመጡት፤ ሲቀላ ሲደርሱ አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉት። ባንዱ ግን ጋቢውን እስከ አንገቱ ተከናንቦ መድረኩ ላይ ያልበዋል። አንዱ አጎት ጊታሪስቱን ትክ ብለው አዩትና በአዘኔታ «ልጄ፣ ወባ ይዞህ ነው?» አሉት።

ሙሽሮቹ ሲገቡ ጭሱ ተለቀቀ። ሚዜዎቹ ለመጨፈር ያነሡት እግራቸው በአየር ላይ ቀረ። አንዷ ሚዜ በግራ ትከሻዋ ጀመረች፣ ምቱን አጣችው፣ ፀጉሯን የምታስተካክል መሰለች። የሙሽራው አጎት ልጅ ደግሞ ግንባር ላይ የሚለጠፍ አዲስ ብር እንደ መጽሐፍ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ሽልማት ቦታ አለው። ዘፋኙ ስም ይጠራል፣ ያወድሳል፣ ምቱ ይጠነክራል፣ ያኔ ይለጠፋል። እዚህ የሚጠራ ስም የለም፣ የሚጠነክር ነገር የለም፣ ዘፋኙም ግንባሩን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙሯል። ልጁ ሲጠብቅ ሲጠብቅ ቆየና መጨረሻ ላይ አንድ መቶ ብር የድምፃዊው ማጅራት ላይ ለጥፎ ተመለሰ። ድምፃዊው ንብ የነደፈው መስሎት በጥፊ መታው።

ይህ ሁሉ በሳቅ ባለፈ ነበር። ጉዱ የመጣው በምርቃቱ ነው።

ጋሞ ውስጥ የሽማግሌ ቃል እንደዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። መስከረም 2011 ዓ.ም. የተቆጣ ወጣት ሆ ብሎ ሲወጣ፣ እርጥብ ሣር ይዘው ከፊቱ ተንበርክከው የመለሱት የጋሞ አባቶች ናቸው፤ አገር ያየው ነው። እናም ትልቁ አባት ሊመርቁ ሲነሡ ድንኳኑ በሙሉ ተነሣ። ባርኔጣ ወለቀ። ማይክ ተሰጣቸው፤ የተሰጣቸው የድምፃዊው ማይክ ነው፣ ኤኮውን ደግሞ ማንም አላጠፋውም።

አባባ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ ጉሮሯቸው አራቴ ተጠራረገ። ትንሽ ደንገጥ ብለው ማይኩን አዩትና ቀጠሉ።

«ልጆቼ፣ ክፉ አይንካችሁ!»

ስፒከሩም ጭራዋን ይዞ መለሰ፦ «…ይንካችሁ! …ይንካችሁ! …ንካችሁ!»

«አሜን» ሊል አፉን የከፈተው ሕዝብ እንደከፈተ ቀረ። የሙሽራዋ እናት ደረታቸውን ያዙ። አባባ ሰው ያልሰማቸው መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ድህነት አያግኛችሁ!»

«…ያግኛችሁ! …ያግኛችሁ! …ኛችሁ!»

«አምላክ አይለያችሁ!»

«…ይለያችሁ! …ይለያችሁ!»

እዚህ ላይ ሙሽራው የሙሽራዋን እጅ ጠበቅ አድርጎ መያዙን አይቻለሁ። ኪቦርዲስቱ ሦስት ጣቱን እንዳሳረፈ ነው። ጊታሪስቱ ዐይኑን ጨፍኗል፤ በኋላ እንደነገረኝ የሕይወቱ ምርጥ ቅጽበት ነበር። በመጨረሻ አንዲት ወጥ ስትጨልፍ የነበረች ሴት ጭልፋዋን እንደያዘች ሄዳ የሚክሰሩን ገመድ ነቀለችው። ድንኳኑ ጸጥ አለ። አባባ ማይኩን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣት ይዘው መለሱና፣ ምርቃቱን ሀ ብለው በባዶ አፋቸው ጀመሩት። አንድም ቃል አልጠፋንም።

ከዚያ አጎቶቹ ጀመሩ። ዶርዜ ሲዘፍን የሰማ ያውቀዋል፤ አንዱ ያነሣል፣ ሁለተኛው ከላይ ይገባበታል፣ ሦስተኛው ታች ይይዛል፣ አንዱ በአጭር በአጭሩ ይሰካል፣ ቀሪው እንደ ምሰሶ ወጥ ድምፅ ይዞ ይቆማል። እያንዳንዱ የየራሱን እየሄደ አንድም ሰው አይሳሳትም። የፈረንሳይ የሙዚቃ ሊቃውንት የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ መቅረጫቸውን ተሸክመው ተራራውን የወጡት ይህን ለመቅዳት ነበር። ገመድ የለውም፣ ፓድ የለውም፣ ኤኮ የለውም፤ ድንኳኑ ግን ከመሬት ትንሽ የተነሣ መሰለኝ። የኛዋ ሚዜ ትከሻዋን አገኘችው። ያ የተረፈ ብርም ግንባር አገኘ፤ ከአጎቶቹ አንዱ እስከ ቅንድባቸው ተለጥፎባቸው ለማየት ገለጥ ማድረግ ነበረባቸው።

በሦስተኛው ቀን ጊታሪስቱ ቪዲዮ ለጠፈ። አጎቶቹ ይዘፍናሉ፣ ከኋላቸው እነሱ በጋቢ ቆመዋል፤ ገመዱ ከተነቀለ ወዲያ የሠሩት ነገር ቢኖር መቆም ብቻ ነው። ከሥሩ «ባንዳችን ከዶርዜ አባቶች ጋር ያደረገው ታሪካዊ ጥምረት» የሚል ተጽፏል። ከሥሩ የመጀመሪያውን አስተያየት የሰጠሁት እኔ ነኝ። «ጥልቅ ነው» ብያለሁ።

እንግዲህ ዘንድሮ ልትድሩ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ከባንድ ጋር ስትዋዋሉ ስለ ሰዓቱና ስለ ቀብዱ ብቻ ተነጋግራችሁ አትለያዩ። ሽማግሌ ማይክ ሲይዝ ኤኮው ይጠፋል ብላችሁ በወረቀት አስፍሩ፣ አስፈርሙ። ሰርጉ ዕለትም ሚክሰሩ አጠገብ አንድ አስተዋይ ዘመድ ይቀመጥ። ማጥፊያዋ ትንሽ ቁልፍ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ «ኤፍ ኤክስ» ይላታል።